የአርፓጎን ሒሳብ፦ የሞሊየርን ስስታም አባት መድረክ ላይ ስለ ማቆም

ዛሬ የምንነጋገርበት ሰው ስሙ አርፓጎን ነው። ስድሳ ዓመት ሞልቶታል፤ ሚስቱ ሞታበታለች፤ የሚኖረው ፓሪስ ነው፤ ሥራው አራጣ ማበደር ነው። ክሌያንት የሚባል ወንድ ልጅና ኤሊዝ የምትባል ሴት ልጅ አሉት። የፈጠረው ፈረንሳዊው የተውኔት ደራሲ ሞሊየር ነው። ‹‹ስስታሙ›› የተባለው ይህ ባለ አምስት ገቢር ኮሜዲ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 1668 በፓሪስ፣ በፓሌ ሮያል ቲያትር ቤት ሲሆን አርፓጎንን የተጫወተው ደራሲው ራሱ ነበር። በጊዜው እምብዛም አልተወደደም፤ ባለ አምስት ገቢር ተውኔት በግጥም መስማት ለለመደ ተመልካች በስድ ንባብ መቅረቡ ሳይከብደው አልቀረም። ዛሬ ግን በፈረንሳይ ብሔራዊ ቲያትር ቤት፣ በኮሜዲ ፍራንሴዝ መድረክ ከ‹‹ታርቲዩፍ›› ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የታየ ተውኔት ነው።

ሞሊየር ለእኛም ባዳ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ‹‹ታርቲዩፍ››ንና ‹‹የፌዝ ዶክተር››ን በአማርኛ አቅርቦልናል። ስለዚህ ስለ ደራሲው ሕይወት ብዙ አልልም። አርፓጎንን የሚያዘጋጅ ወይም የሚጫወት ሰው በእጁ ይዞ የሚሠራባቸውን ነገሮች ልዘርዝር፦ ቁጥሮቹን፣ ሣጥኑን፣ ብድሩን፣ ልብሱን፣ የእራት ግብዣውን፣ መነባንቡን።

ከሁሉ በፊት በአንድ ነገር እንስማማ። ስስት ጠባይ ነው። ተዋናይን ‹‹ስስታም ሁን›› ብትሉት ፊቱን ከማጨማደድና እጁን ከማፍተልተል ሌላ የሚሠራው አይኖረውም። አርፓጎን ግን ከመግቢያው እስከ መውጫው የሚሠራው ሥራ አለው፤ ያሰላል። ልጁን ሲያይ ያሰላል፤ ሙሽራ ሲያጭ ያሰላል፤ እንግዳ ሲጠራ ያሰላል። ሞሊየርም ሒሳቡን በግምት አልተወውም።

አንዱን ምሳሌ ቀረብ ብለን እንየው። በመጀመሪያው ገቢር አርፓጎን ልጁን ከራስ እስከ እግሩ ያየውና ለሰው ሠራሽ ፀጉርና ለሪባን ብቻ ቢያንስ 20 ፒስቶል እንዳወጣ ይገምታል። ወዲያው 20 ፒስቶል ‹‹ከአሥራ ሁለት አንድ›› በሆነ ወለድ ቢቀመጥ በዓመት 18 ሊቭር ከ6 ሱ ከ8 ዴኒዬ ያስገባ ነበር ይላል። ቁጥሩ ለሳቅ ብቻ የተወረወረ ይመስላል፤ ግን ሥሩት። ፒስቶል የወርቅ ሳንቲም ነው፤ አንዱ በ11 ሊቭር ይመነዘራል። 20 ፒስቶል 220 ሊቭር መሆኑ ነው። 220ን ለ12 ብታካፍሉ 18 ሊቭር ከሲሶ ይመጣል። አንድ ሊቭር 20 ሱ፣ አንድ ሱ ደግሞ 12 ዴኒዬ ስለሆነ የሊቭር ሲሶ ልክ 6 ሱ ከ8 ዴኒዬ ነው። አንዲት ዴኒዬ አልጎደለችም፣ አልተረፈችም።

ይህ ለተዋናዩ ምን ይሰጠዋል? አነጋገሩን ይሰጠዋል። ቁጥሩ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ያለ አንዳች መደናቀፍ መውጣት አለበት። ብዙ ተዋንያን እዚህ ላይ ቆም ይሉና ወደ ላይ እያዩ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ያን ጊዜ ሳቁ ይጠፋል፤ ምክንያቱም ተመልካቹ የሚያየው ሒሳብ የከበደውን ሰው ነው። አርፓጎን ሪባኑን ባየበት ቅጽበት ሒሳቡን ጨርሷል፤ አፉ የሚያወጣው ውጤቱን ብቻ ነው። ቁጥሩን ‹‹አማርኛ ተመልካች ሊቭርን አያውቅም›› ብሎ መሰረዝም ስሕተት ነው። ተመልካቹ ሊቭርን ባያውቅም ሰውየው እስከ ሳንቲሟ እንዳወቀ ይገባዋል። ወደ ብር እንለውጥ ካላችሁም በተውኔቱ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ሁሉ በአንድ መጠን ለውጡ። አንዱን ትታችሁ ሌላውን ብትለውጡ ቀጥሎ የምናየው የአባትና የልጅ ሒሳብ ይፈርሳል።

ወደ ሣጥኑ እንምጣ። አርፓጎን ተውኔቱ ከመጀመሩ አንድ ቀን በፊት 10,000 ኤኩ ወርቅ ተመልሶለታል፤ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ጓሮ ቀብሮታል። ኤኩ ሦስት ሊቭር ስለሆነ ጠቅላላው 30,000 ሊቭር ነው። በአምስተኛው ገቢር እንደሚናገረው ሉዊ ዶር በሚባል የወርቅ ሳንቲምና በፒስቶል የተቆጠረ ነው። በ11 ሊቭር ብንመነዝረው ወደ 2,700 ሳንቲም ይሆናል። ሉዊ ዶር አንዱ 6.75 ግራም ያህል ስለሚመዝን የሣጥኑ ወርቅ ከ18 ኪሎ በላይ ነው። ወርቅ ግን ክብደቱ እንጂ ስፋቱ ብዙ አይደለም፤ ያ ሁሉ ሳንቲም ሁለት ሊትር የሚይዝ ዕቃ ውስጥ ይገባል። ጽሑፉም ይኸንኑ ያረጋግጣል፤ አርፓጎን ራሱ ሣጥኔ ትንሽ ናት፣ ግራጫ ናት ይላል።

በተግባር የሚታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ዕቃ አዘጋጆች ተመልካች ከሩቅ እንዲያየው ብለው ሻንጣ የሚያህል ቀላል ሣጥን ይሠራሉ። በአራተኛው ገቢር የክሌያንት አሽከር ላ ፍሌሽ ከጓሮ ይዞት ሲወጣ በአንድ እጁ ብድግ ያደርገዋል፤ በቃ፣ ወርቁ የለም። ሣጥኑን የጫማ ካርቶን ያህል አድርጋችሁ፣ ከታቹ የብረት ሰሌዳ ወይም የአሸዋ ከረጢት አስቀምጣችሁ ቢያንስ ስምንት ኪሎ አድርሱት። የላ ፍሌሽ ክንድ ወደ ታች ሲሳብ፣ ሩጫው ሲከብደው፣ ተመልካች ስለ ገንዘቡ መጠን ሌላ ማስረጃ አይፈልግም። ላ ፍሌሽ አንካሳ መሆኑም ይረዳል። አርፓጎን ‹‹ያ አንካሳ ውሻ›› የሚለው መጀመሪያ ክፍሉን የተጫወተው ሉዊ ቤዣር በእውነት ያነክስ ስለነበር ነው።

የጓሮው አቅጣጫም ከመጀመሪያው ልምምድ ቀን መወሰን አለበት። የመድረኩ ግራ ይሁን ቀኝ ለውጥ የለውም፤ ብቻ አንድ ይሁን። አርፓጎን ውሻ ሲጮህ፣ ሰው ሲንሾካሾክ፣ እንግዳ ሲገባ እያቋረጠ ወደዚያ ይሄዳል። አቅጣጫው በየትዕይንቱ ከተቀያየረ ያ ሁሉ መመላለስ ትርጉም ያጣል። ከጸና ግን ከሁለተኛው ገቢር በኋላ አርፓጎን አንገቱን ወደዚያ ዞር ማድረጉ ብቻ ያስቃል።

አሁን ብድሩ። ክሌያንት ማሪያን የምትባል ድኻ ልጅ ወዷል፤ አባቱ ቤሳ አይሰጠውም፤ ስለዚህ በደላላ በኩል ስሙን ከማያውቀው አበዳሪ 15,000 ሊቭር ለመበደር ይስማማል። ልብ በሉ፤ ልጁ የሚበደረው አባቱ ከቀበረው ልክ ግማሹን ነው። ውሉ ሲነበብ እንዲህ ይላል፦ አበዳሪው ኅሊናው እንዳይወቅሰው ‹‹ከአሥራ ስምንት አንድ›› ብቻ ይወስዳል። ነገር ግን ገንዘቡ በእጁ ስለሌለ እሱም ከሌላ ሰው ‹‹ከአምስት አንድ›› ስለሚበደር ያንንም ተበዳሪው ይከፍላል። ሥሩት። የ15,000 አሥራ ስምንተኛ 833 ነው፤ አምስተኛው 3,000 ነው፤ በድምሩ በዓመት 3,833 ሊቭር ወለድ። ክሌያንት ‹‹ይህማ ከሩብ ይበልጣል!›› ብሎ የሚጮኸው በትክክል አስልቶ ነው፤ 25 ከመቶ ተኩል ያህል ይመጣል። ከ1665 ጀምሮ በፈረንሳይ የተፈቀደው 5 ከመቶ ነበር።

አላበቃም። አበዳሪው በጥሬው የሚሰጠው 12,000 ብቻ ነው፤ ቀሪውን 3,000 በዕቃ ያሟላል። አሁን ዝርዝሩ ይነበባል፦ አልጋ ከነመጋረጃው፣ የጎምቦና የማሴ ፍቅር የተሣለበት የግድግዳ ምንጣፍ፣ ትልቅ ጠረጴዛ፣ በሰደፍ ያጌጡ ሦስት ጠመንጃዎች፣ የማንጠሪያ ምድጃ ከነዕቃው፣ ክሮቹ የተሟሉለት ‹‹ወይም ጥቂት የጎደሉት›› የቦሎኛ ሉት (ክራር መሰል የሙዚቃ መሣሪያ)፣ የዳማ ገበታ፣ በመጨረሻም ጣሪያ ላይ ቢሰቅሉት ያምራል የተባለለት፣ ውስጡ ድርቆሽ የተሞላ የእንሽላሊት ቆዳ፣ ርዝመቱ ሦስት ጫማ ተኩል። ይህ ሁሉ ከ4,500 ሊቭር በላይ ያወጣል፤ አበዳሪው ግን በቸርነቱ በ3,000 ቆጥሮታል! በእጁ የገባውን 12,000 ይዘን ስናሰላ እውነተኛው ወለድ 32 ከመቶ ገደማ ይሆናል።

አዘጋጆች ይህን ዝርዝር መቁረጥ ይወዳሉ፤ ‹‹ያንዛዛል›› ይላሉ። የሚያንዛዛው አንባቢው ዕቃዎቹን እኩል ሲያነብባቸው ነው። ላ ፍሌሽ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ፣ ድምፁን ሳያነሣ ሳይጥል፣ ቀጥ አድርጎ ያንብብ፤ የሚፈነዳው ክሌያንት ነው። ክሌያንት በእያንዳንዱ ዕቃ ከጮኸ ግን እንሽላሊቱ ጋ ሲደርስ ድምፁ ያልቃል። በአልጋው ግራ ይጋባ፤ በጠመንጃው ይቆጣ፤ በምድጃው ዝም ይበል። ሳቁን ሁሉ ለእንሽላሊቱ አጠራቅሙለት።

ከዚያ ደላላው ተበዳሪውንና አበዳሪውን ፊት ለፊት ያገናኛቸዋል፤ አበዳሪው ለካ አርፓጎን ራሱ ነው። ከመገናኘታቸው በፊት ግን ብዙዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት አንድ አነጋገር አለ። ደላላው ስለ ተበዳሪው ሲያስረዳ፣ ቤተ ሰቡ ሀብታም ነው፣ እናቱ የለችም፣ አባቱም ስምንት ወር ሳይሞላ እንደሚሞት ዋስ ይሆናል ይላል። አርፓጎን ደስ ይለዋል! ሰውን በቻልነው መርዳት ምግባረ ሰናይ ነው ብሎ ይመልሳል። የገዛ ሞቱን መያዣ አድርጎ መቀበሉ ነው። ተዋናዩ ይህን ሲናገር ክፋት አያሳይ፤ ከልቡ ይለዝብ፤ ደግ ሰው ይምሰል። በሙሉው ተውኔት ደግነት የሚታይበት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

አርፓጎን ከምንም አልተነሣም። ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው ሮማዊው ፕላውቱስ ኤውክሊዮ የሚባል፣ የወርቅ ማሰሮ ያገኘ ሽማግሌ ፈጥሮ ነበር። የጣሊያን የጎዳና ኮሜዲም ፓንታሎኔ የተባለ የቬኒስ ነጋዴ አባት ነበረው። ሞሊየር ከሁለቱም ወስዷል። ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል፤ ኤውክሊዮ ድኻ ነው፣ ድንገት ያገኘው ወርቅ አስፈራው። አርፓጎን ግን ሠረገላ፣ ፈረሶች፣ ወጥ ቤት፣ አሽከሮችና የቤት አዛዥ ያለው የከተማ ባለጸጋ ነው። ማዕረጉ ወጪ ይጠይቀዋል፤ ወጪው ደግሞ ያመዋል። ይህ መሳሳብ ከሌለ ተውኔቱ የአንድ ለማኝ ታሪክ ይሆናል።

ስለዚህም ልብሱን የተቦጫጨቀ ማድረግ ትልቅ ስሕተት ነው። ሞሊየር በ1673 ሲሞት ንብረቱ ተቆጥሮ ነበር። የአርፓጎን ልብስ ተብሎ የተጻፈው ካባ፣ ሱሪና ኮት መሰል ሰደርያ ነው፤ ሁሉም ጥቁር ሳቲን፣ በጥቁር የሐር ዳንቴል የተዋበ፣ ከነባርኔጣው፣ ከሰው ሠራሽ ፀጉሩና ከጫማው፣ ግምቱ 20 ሊቭር። ሳቲን ነው እንግዲህ! በጥንቃቄ የተያዘ፣ ንጹሕ፣ ፋሽኑ ግን ሠላሳ አርባ ዓመት ያለፈበት ልብስ ያድርግ። በአንገቱ ዙሪያ የድሮ ሰዎች የሚያደርጉት የታጠፈ ነጭ አንገትጌ፣ በዓይኑ ላይ መነጽር። ቀዳዳና የዘይት ጠብታ ያለባቸው አሽከሮቹ ናቸው፤ እሱ አይደለም።

ሳሉም የተጻፈ ነው። ሞሊየር በእውነት ያስለው ነበር፤ የትዳር ደላላዋ ፍሮዚን ‹‹ሳልዎ እንኳ ያምርብዎታል›› እንድትል ያደረገው ለዚህ ነው። ከአምስት ዓመት ላነሰ ጊዜ በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1673፣ ሌላውን ልዩ ጠባይ ያለውን አባት፣ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በሽተኛ ነኝ የሚለውን አርጋንን ተጫውቶ በዚያው ሌሊት ሞተ። ሳሉን በየትዕይንቱ የሚበትን ተዋናይ ግን የፍሮዚንን ቀልድ ይገድልባታል። እስከ እሷ ድረስ አያስል፤ እዚያ ጋ ጥሩ አድርጎ ያስል፤ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ ይበቃል።

ከፍሮዚን ጋር ያለው ትዕይንት ለተዋናይ ጥሩ መለማመጃ ነው። አርፓጎን ልጁ የወደዳትን ያችኑ ማሪያንን ለራሱ አጭቷል፤ ግን ቤተሰቧ ለባሏ የሚሰጠው ገንዘብ ስለሌለው አልተደሰተም። ፍሮዚን ታሰላለታለች፦ ልጅቱ የምትበላው ሰላጣ፣ ወተት፣ አይብና ፖም ስለሆነ በዓመት 3,000 ይተርፋል፤ ጌጥ ስለማትወድ 4,000፤ ቁማር ስለምትጠላ 5,000፤ ድምሩ 12,000 ሊቭር። አርፓጎን የሚመልሰው እንደ ባለሙያ ነው፤ ያልወጣ ወጪ ገቢ አይባልም፣ የምዳስሰው ነገር ስጡኝ ይላል። ቀጥላ ልጅቱ ሽማግሌ እንደምትወድ ትነግረዋለች፤ ሊያገባት የነበረ ሰው ገና 56 ዓመቱ ስለሆነና ውሉን ያለ መነጽር ስለፈረመ ትታዋለች! አርፓጎን ይፈካል። ከዚያ ለፍርድ ቤት ክርክሯ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ ትለምነዋለች፤ ፊቱ ይጠቁራል። ወደ ማሪያን ትመለሳለች፤ ይፈካል። ወደ ገንዘቡ፤ ይጠቁራል። ለውጡ በቅጽበት መሆን አለበት። በመካከል ‹‹እያሰበ›› ከፈካ ወደ ጥቁር የሚሸጋገር ተዋናይ ትዕይንቱን ያረዝመዋል፤ ሳቁንም ያቀዘቅዘዋል።

ከሴት ልጁ ጋር ያለው ሒሳብ ደግሞ አጭርና ጨካኝ ነው። ኤሊዝን ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋው አንሴልም ሊድራት ወስኗል፤ አንሴልም ያለ ጥሎሽ እወስዳታለሁ ብሏላ! (እዚያ ጥሎሹን የሚከፍለው የሙሽራዋ አባት ነው።) ኤሊዝ እጅ ነሥታ ‹‹ፈቃድዎ ቢሆን አባቴ፣ ማግባት አልሻም›› ትለዋለች፤ እሱም እንደ እሷው እጅ ነሥቶ ‹‹ፈቃድሽ ቢሆን ልጄ፣ እንድታገቢ እሻለሁ›› ይላታል። እጅ መንሣቱ እየተደጋገመ ይሄዳል። እዚህ ላይ ተዋናዩ ልጅቱን በትክክል መኮረጅ አለበት፤ ጉልበቷን ያጠፈችበትን ልክ፣ አንገቷን ያዘነበለችበትን ጎን። አጋንኖ ካጠፈ የቧልት ጨዋታ ይሆናል፤ ልክ ከሆነ ግን ልጅቱ መውጫ እንዳጣች ይታያል። ቀጥሎ የቤት አዛዡና የኤሊዝ የድብቅ ፍቅረኛ ቫሌር ዳኛ ሆኖ ሲገባ አርፓጎን ለቀረበለት ክርክር ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ ‹‹ያለ ጥሎሽ!›› ቁልፉ ድምፁን አለመቀያየር ነው። እያንዳንዱ ‹‹ያለ ጥሎሽ›› ካለፈው ጋር በፍጹም አንድ ዓይነት ሲሆን ቫሌር በእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይሰበራል።

ሦስተኛው ገቢር የሚከፈተው በእራት ዝግጅት ነው፤ እዚህ ላይ ሞሊየር እንደ ቤት አዛዥ ዘርዝሮ ጽፏል። ገረዲቱ ቤቱን ታጽዳ፤ ግን ዕቃውን በኃይል አትፈግፍግ፣ ያልቃል። ሁለቱ አሽከሮች መጠጥ ይቅዱ፤ ግን እንግዳው ደጋግሞ ሳይለምን አይቅዱ፣ ውኃም ያብዙበት። አንደኛው የልብሱ ፊት የዘይት ጠብታ አለበት፤ ባርኔጣውን ይያዝበት። ሁለተኛው ሱሪው ከኋላ ቀዳዳ ነው፤ ጀርባውን ለግድግዳው ይስጥ። ወጥ ቤቱ ዣክ ሠረገላ ነጂም እሱ ስለሆነ በየትኛው ሥራ እንደተጠራ ይጠይቃልና የነጂውን ካፖርት አውልቆ በወጥ ቤት ልብሱ ይቀርባል። ልብስ የሚቀይረው ተመልካች ፊት ነው። ካፖርቱ ባለ ቁልፍ ከሆነ ትዕይንቱ ይቆማል፤ በአንድ እጅ የሚወልቅ ይሁን።

እንግዶቹ ከ8 እስከ 10 ናቸው። አርፓጎን ለ8 ብቻ ይዘጋጅ ይላል፤ ለስምንት የበቃ ለአሥርም ይበቃል። የምግቡ ዓይነትም ተመርጧል፦ ሰው ብዙ የማይበላው፣ ቶሎ የሚያጠግብ፣ ስብ የበዛበት የበግ ወጥና ቼስትነት የተባለ ፍሬ የተጠቀጠቀበት የሥጋ ፓቴ። ቫሌር ‹‹ለመኖር መብላት እንጂ ለመብላት መኖር አይገባም›› የሚል አባባል ሲነግረው አርፓጎን በደስታ ሊደግመው ሞክሮ ይገለብጠዋል፤ ‹‹ለመብላት መኖር እንጂ ለመኖር መብላት…›› ይልና ይቆማል። ከዚያ በወርቅ ፊደል ምድጃው ላይ እንዲጻፍ ያዛል። ወርቅ መሆኑን ልብ በሉ፤ ለዚያ ወጪ ሲያንገራግር አይታይም። ተዋናዩ ‹‹በወርቅ›› ካለ በኋላ ራሱን ሰምቶ ቢደነግጥ እወዳለሁ፤ ጽሑፉ ግን እንዲህ አይልም።

ዣክ ቀጥሎ ሰው ስለ ጌታው የሚያወራውን ይዘረግፋል፤ ይህ ዝርዝር ለእኛ ተመልካች ከሁሉ የቀለለው ነው። አርፓጎን ቤተ ሰቡን ለማስጾም የጾም ቀኖች በእጥፍ የበዙበት ካሌንደር አሳትሟል ይባላል። የጎረቤት ድመት የተረፈ የበግ ቅልጥም በላች ብሎ ከሷታል። ሌሊት የገዛ ፈረሶቹን አጃ ሲሰርቅ ከዣክ በፊት የነበረው ነጂ በጨለማ ደብድቦታል። እውነት ይሁን ሐሜት ደራሲው አይፈርድም። ዣክ እውነት በመናገሩ በጌታው፣ ቀጥሎም በቫሌር ይደበደባል። ያ ዱላ በአምስተኛው ገቢር ሌላ ቦታ ይወጣል፤ ቂም ይዞ ቫሌርን በሐሰት ይወነጅላል። መርማሪው የሣጥኑ ቀለም ምን ዓይነት ነው ሲለው ዣክ ይንተባተባል፣ ‹‹ቀይ አይደለም?›› ይላል። ‹‹ግራጫ ነው›› ሲባል ‹‹አዎ፣ ቀይ ግራጫ›› ብሎ ያመልጣል።

ወደ መነባንቡ ስንደርስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አራተኛው ገቢር ሰባተኛ ትዕይንት ነው። የመድረክ መመሪያው ‹‹ከጓሮ ጀምሮ ሌባ! እያለ ይጮኻል፤ ያለ ባርኔጣ ይገባል›› ይላል። ጩኸቱ ከመድረክ ውጭ መጀመሩን አትለፉት። ባርኔጣውም ትልቅ ነገር ነው፤ እስከዚህ ድረስ ራሱን ሳይከናነብ ታይቶ የማያውቅ ሰው ካልሆነ አሁን መውለቁ አይታወቅም። ከዚያ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። መጀመሪያ ጥያቄ ነው፤ የት ገባ? ወዴት ልሩጥ? ቀጥሎ አንድ ክንድ ይይዝና ‹‹ገንዘቤን መልስ!›› ይላል፤ የያዘው የገዛ ክንዱን ነው። ሦስተኛው ልቅሶ ነው፤ ገንዘቡን እንደ ወዳጅ በስም እየጠራ ያለ አንተ መኖር አልችልም፣ ሞቻለሁ፣ ተቀብሬያለሁ ይላል። አራተኛው ሕግ ነው፤ አሽከር፣ ገረድ፣ ወንድ ልጅ፣ ሴት ልጅ፣ ራሴም ጭምር እንመርመር ይላል። አምስተኛው ተመልካቹ ነው፤ ሌባዬ እዚህ መካከል አለ፣ ሁሉም እያዩኝ ይስቃሉ ይላል። መጨረሻ ላይ ሰውን ሁሉ አሰቅላለሁ፣ ገንዘቤ ካልተገኘ ራሴን እሰቅላለሁ ብሎ ይሮጣል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ድምፅ ነው። ከመጀመሪያው ገቢር ጀምሮ ሲጮኽ የቆየ ተዋናይ እዚህ ሲደርስ የሚጨምረው የለውም። በአንደኛው ገቢር ላ ፍሌሽን ሲፈትሽ፣ ‹‹እጆችህን አሳየኝ›› ካለ በኋላ ‹‹ሌሎቹንስ?›› ሲል እንኳ ድምፁ ዝቅ ማለት አለበት። (ፕላውቱስ ሦስተኛውን እጅ አሳይ አስብሎ ነበር፤ ሞሊየር ቁጥሩን ትቶ የተሻለ አድርጎታል።) ሁለተኛው መብራት ነው። በ1668 አዳራሹም መድረኩም በሻማ ይበራ ነበር፤ ገንዘብ ያላቸው ተመልካቾች ደግሞ መድረኩ ላይ ወንበር ይዘው ይቀመጡ ነበር። አርፓጎን የሚወነጅለው የሚያየውን ፊት ነበር ማለት ነው። ዛሬ አዳራሹ ጨለማ ስለሆነ ተዋናዩ ባዶውን ያፈጣል። ‹‹እዚህ የተሰበሰበው ሕዝብ›› ከማለቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የአዳራሹን መብራት ሲሶ ያህል ቀስ አድርጋችሁ አንሡ። ሦስት አራት የተለያዩ ሰዎች ይምረጥ፤ በዓይኑ ይያዛቸው። ከእነሱ ጋር አይሣቅ፣ ጥቅሻም አይጣል፤ እውነት ሌባ ናቸው።

ጀርመናዊው ጎተ ይህን ተውኔት ሲያነብ አሳዛኝነቱ ጎልቶ ታይቶታል፤ ስስት በአባትና በልጅ መካከል ያለውን ፍቅር ሁሉ ያጠፋልና። ፈረንሳዊው ሉዊ ደ ፉኔስ በ1980 ፊልም ላይ በሌላው ጫፍ ሄዶ እንደ ሽቦ ሲነዝር ይታያል። ለእኔ ሁለቱም ትክክል የሚሆኑት መነባንቡ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ ላይ አንዱን ብቻ መምረጥ ጉዳት አለው።

አንድ የሚከብድ ቦታ ግን አለ። በአራተኛው ገቢር ዣክ አባትና ልጅን ሊያስታርቅ ይገባል፤ በመካከላቸው እየተመላለሰ ለእያንዳንዱ ‹‹እሱ እኮ ተስማምቷል›› እያለ ይዋሻል። ሁለቱ እንዳይሰማሙ መድረኩ ላይ ቢያንስ ስድስት እርምጃ ይራራቁ። ዣክ ሲወጣ ውሸቱ ይገለጣል፤ ጠቡ ይብሳል፤ አርፓጎን ልጁን ይክደዋል፣ ከውርስ ይነቅለዋል፣ በመጨረሻም ‹‹እርግማኔን ሰጥቼሃለሁ›› ይለዋል። ክሌያንት ‹‹ስጦታዎ አያስፈልገኝም›› ብሎ ይመልሳል። ፈላስፋው ሩሶ በ1758 በጻፈው ደብዳቤ ይህን መልስ አንሥቶ ተውኔቱን የመጥፎ ምግባር ትምህርት ቤት ነው ብሎ ኮንኖታል። እኛ ዘንድ የአባት እርግማን የሚያስፈራ ነገር ስለሆነ አዳራሹ ሊሣቅ ነው ሲባል ዝም ሊል ይችላል። ያን ዝምታ ፈርቶ መስመሩን መቁረጥ ግን ተገቢ አይመስለኝም። ክሌያንት በፌዝ ፈገግታ ሳይሆን በድካም ይናገረው፤ አርፓጎንም የሚደነግጥ አይምሰል። ለዚህ ሰው መስጠት የሚቀለው ብቸኛው ነገር እርግማን ነው፤ ወጪ የለበትም።

መጨረሻው ብዙዎችን ያሳፍራል። አንሴልም ከ16 ዓመት በፊት በመርከብ አደጋ የጠፉበትን ልጆች ያገኛል፤ ቫሌርና ማሪያን ናቸው። ሞሊየር ራሱም የተጨነቀበት አይመስልም፤ ስለዚህ በፍጥነት፣ ያለ እንባ ተጫወቱት። የሁሉም ዓይን በልጆቹ ላይ ሲሆን አርፓጎን ጎን ቆሞ ሥራውን ይሠራል። መጀመሪያ አንሴልምን፣ ልጅህ የሰረቀኝን 10,000 ኤኩ ክፈል ይለዋል። ክሌያንት ሣጥኑን እንደሚያስመልስ ሲነግረው፣ ሳይጎድል መሆኑን ይጠይቃል። ለሁለቱ ጥንዶች፣ ለክሌያንትና ለማሪያን፣ ለቫሌርና ለኤሊዝ፣ ሠርግ ወጪውን ሁሉ አንሴልም ይችል ዘንድ ያስምለዋል፤ ለእሱም አዲስ ልብስ ያሰፋለታል። መርማሪው የጽሑፍ ሥራ ዋጋውን ሲጠይቅ አርፓጎን ዣክን ያሳየውና ‹‹ለክፍያህ ይህን ሰው ለመስቀል እሰጥሃለሁ›› ይላል! እሱንም አንሴልም ይከፍላል። የአርፓጎን የመጨረሻ ቃል ውዷን ሣጥኔን ልይ የሚል ነው።

ሣጥኑን እዚህ ላይ መድረክ ላይ አምጥቶ ማስተቃቀፍ የተለመደ ነው። ጽሑፉ ግን አያመጣውም፤ አርፓጎን ሊያየው ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት ግን መርማሪው ገንዘቡን ከአንሴልም እጅ ሲቀበል ቆሞ ይይ። ያ ሒሳብ ሳይዘጋ ወደ ጓሮ የሚሮጥ ሌላ ሰው ነው፤ አርፓጎን አይደለም።